«በዶላር ይሁን ወይስ በድርሃም?»፦ ለውጭ ጉዞ የሚሆን ክሬዲት ካርድ ስለ መምረጥ

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለበዓልና ለሠርግ ወደ አገር ቤት ለሚጓዙ ወገኖች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ የቅዳሜ ከሰዓት ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ ከሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ አያለሁ፤ ስለዚህ ሳልዘገይ ወደ ነገሩ ልግባ።

ይህ በእጄ የያዝኩት ወረቀት የአንድ የዱባይ ሆቴል ደረሰኝ ነው። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ቁጥሮቹ ግን ይነበባሉ። እናቴን ከአዲስ አበባ ይዤ ስመጣ ሁለቱ በረራዎች ስላልገጠሙልን ሁለት ሌሊት እዚያ አደርን። ልንወጣ ስንል እናቴ ከእንግዳ መቀበያው ፊት ለፊት ካለው ሶፋ ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ ያበጠ እግሯን ታሻለች። ታክሲው በር ላይ ቆሟል። ወጣቱ እንግዳ ተቀባይ የካርድ ማሽኑን ወደ እኔ አዞረና በትሕትና «በዶላር ይሁን ወይስ በድርሃም? በዶላር ቢሆን ይሻልዎታል፤ ስንት እንደከፈሉ እዚሁ ያውቁታል» አለኝ። በማሽኑ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ። አንደኛው 1,100 ድርሃም ይላል፤ ከሥሩ ያለው 314 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ዶላሩን ነካሁት። የእናቴን ሻንጣ አንስቼ ወጣሁ።

የወሩ የሂሳብ መግለጫ ሲመጣ 314 ዶላር ከ50 ሳንቲሙ አለ። ከሥሩ ደግሞ ለብቻው የተጻፈ 9 ዶላር ከ44 ሳንቲም አለ። ሙያዬ የሂሳብ ሥራ ነውና ወረቀቱን አስቀምጬ ማስላት ጀመርኩ። ድርሃም እንደ ብር ወይም እንደ ዩሮ ከዶላር ጋር ሲወጣና ሲወርድ የሚውል ገንዘብ አይደለም። ከ1997 ጀምሮ (ዓመተ ምሕረቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው) አንድ ዶላር በ3.6725 ድርሃም ተተምኖ የቆመ ነው። 1,100ን በ3.6725 ስታካፍሉት 299 ዶላር ከ52 ሳንቲም ይመጣል። እኔ የከፈልኩት በድምሩ 323 ዶላር ከ94 ሳንቲም ነው። 24 ዶላር ከ42 ሳንቲም ለምንም ነገር ሳይውል ሄደ። ያን ገንዘብ የሰረቀኝ ሰው የለም። ሁሉም በሕግና በፈቃዴ የተወሰደ ነው። ፈቃዱን የሰጠሁት ደግሞ የጠየቁኝ ምን እንደሆነ ሳልረዳ ነው። ዛሬ እናንተ ፊት የቆምኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ያ 24 ዶላር በሁለት በር ነው የወጣው። ሁለቱን በሮች ለይቶ ያወቀ ሰው የቀረው ነገር ይቀለዋል፤ አንደኛው የሚዘጋው እዚህ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ካርድ ስትመርጡ ነውና፤ ሌላኛው የሚዘጋው ግን እዚያ፣ ማሽኑ ፊት ስትቆሙ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። 9 ዶላር ከ44 ሳንቲሟ የውጭ ግብይት ክፍያ የሚባለው ናት። በአሜሪካ ባሉ ብዙ ካርዶች ላይ 3 በመቶ ነው። ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 1 በመቶው የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ድርሻ ነው፤ የተቀረው 2 በመቶ ካርዱን የሰጣችሁ ባንክ በራሱ የሚጨምረው ነው። ባንኩ ለዚያ ጭማሪ የሚሠራው የተለየ ሥራ የለም። ምንዛሪውን የሚያሰላው የካርዱ መረብ፣ ማለትም ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ነው፤ ያም ቢሆን በኮምፒውተር በቅጽበት የሚያልቅ ነገር ነው። አንዳንድ ባንኮች ይህን ክፍያ ጨርሰው ሲተዉት ሳይከስሩ የሚኖሩትም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የእኔ ሂሳብ በዶላር ነበር የተቆረጠው። ታዲያ «የውጭ» የሚለው ክፍያ ከየት መጣ? ብዙ ሰው ክፍያው የሚመጣው ገንዘቡ የውጭ ሲሆን ብቻ ይመስለዋል። የብዙ ካርዶች ውል ግን ሻጩ ከአሜሪካ ውጪ ከሆነ፣ ዋጋው በዶላር ቢጻፍም ክፍያው ይጨመራል ይላል። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ሶፋችሁ ላይ ተቀምጣችሁ፣ በስልካችሁ፣ ከአንድ የውጭ ሆቴል ወይም የውጭ አገር የጉዞ ድርጅት በዶላር ስትገዙ እንኳ ሊደርስባችሁ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ የሠርግ አዳራሽ ወይም የእንግዳ ማረፊያ አስቀድማችሁ በካርድ የያዛችሁ ሰዎች፣ ማታ ቤት ስትገቡ የዚያን ወር መግለጫ ተመልከቱት።

ይህ ክፍያ ዱሮ ለብቻው ተጽፎ እንኳ አይታይም ነበር። በምንዛሪው ውስጥ ተቀላቅሎ ይገባና ሰው የገዛው ዕቃ የተወደደበት ይመስለዋል። በዚህ ምክንያት ደንበኞች ቪዛን፣ ማስተርካርድንና ትልልቅ ባንኮችን ፍርድ ቤት ገተሩ፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2006 በ336 ሚሊዮን ዶላር ዕርቅ ለመጨረስ ተስማሙ። ያንን ገንዘብ ያስመለሱት ተራ ደንበኞች ናቸው። እኔ ይህን ታሪክ ሳስብ ደስ ይለኛል። ዛሬ ክፍያው በግልጽ መጻፍ አለበት፤ የት እንደሚጻፍም ይታወቃል።

አሁን የት እንደሚጻፍ ላሳያችሁ። በአሜሪካ ማንኛውም ክሬዲት ካርድ ሲሰጥ ዋና ዋናዎቹን ክፍያዎች በአንድ ሰንጠረዥ አስቀምጦ ማሳየት ግዴታ ነው። በ1988 የወጣ ሕግ ነው፤ ሰንጠረዡንም ሕጉን ባራመደው ቻርልስ ሹመር፣ በኋላ የኒው ዮርክ ሴናተር በሆነው ሰው ስም «የሹመር ሳጥን» ይሉታል። ላይኛው ክፍል ስለ ወለድ ነው። ወረድ ስትሉ ዓመታዊ ክፍያ የሚል አለ። ከዚያ ወረድ ብሎ «ፎሪን ትራንዛክሽን» የሚል አንድ መስመር ታገኛላችሁ። በቀኝ በኩል ወይ «3 በመቶ» ይላል፣ ወይ «የለም» ይላል። በፖስታ የመጣላችሁ ማስታወቂያ ፊት ለፊት ላይ የባሕር ዳርቻና የአውሮፕላን ሥዕል ይኖራል። ሥዕሉን እለፉት፤ ወረቀቱን ገልብጡና ያችን መስመር ፈልጉ። የአውሮፕላን ሥዕል ያለበት ካርድ ሁሉ የጉዞ ካርድ አይደለም።

«የትኛውን ካርድ ልያዝ?» የሚለውን ጥያቄ ከመግቢያው ጀምሮ በፊታችሁ ላይ አያለሁ። ስም ጠርቼ ልናገር፤ ግን ባንኮች ውላቸውን ስለሚቀያይሩ ከማመልከታችሁ በፊት ያችን መስመር ራሳችሁ አንብቡ። ካፒታል ዋን በአሜሪካ በሚሰጣቸው ካርዶች ሁሉ ላይ የውጭ ግብይት ክፍያ የለውም። ከእነርሱ መካከል ኩዊክሲልቨርና ቬንቸርዋን የሚባሉት ዓመታዊ ክፍያ የሌለባቸው ዓይነቶች አሉ። የባንክ ኦፍ አሜሪካ ትራቭል ሪዋርድስ ዓመታዊውም የውጭውም ክፍያ የለበትም። የዌልስ ፋርጎ ኦቶግራፍ እንዲሁ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፦ የአንዱ ባንክ አንዱ ካርድ ነጻ ሆነ ማለት ሌላው ነጻ ነው ማለት አይደለም። የዚያው የዌልስ ፋርጎ አክቲቭ ካሽ 3 በመቶ ያስከፍላል። የቼዝ ሳፋየር ፕሪፈርድ የውጭ ክፍያ የለበትም፤ የዚያው የቼዝ ፍሪደም አንሊሚትድ ግን 3 በመቶ አለበት። ብዙዎቻችሁ በቦርሳችሁ የያዛችሁት የሲቲ ደብል ካሽም 3 በመቶ ነው። ለግሮሰሪና ለቤንዚን ጥሩ ካርድ ነው፤ አውሮፕላን ላይ ስትወጡ ግን ቤት ተዉት። ዲስከቨር የውጭ ክፍያ የለበትም፤ ነገር ግን ከአሜሪካ ውጪ የሚቀበለው ሰው ከቪዛና ከማስተርካርድ በጣም ያነሰ ነው፤ እርሱን ብቻ ይዞ መጓዝ አይበጅም።

አሁን ስለ ዓመታዊ ክፍያ የራሴን አስተያየት ልስጥ፤ እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር እለያያለሁ። 95 ዶላር በዓመት የሚያስከፍል ካርድ አለ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የሚያስከፍልም አለ። በገዛችሁ ቁጥር የሚጠራቀመው ነጥብ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ማረፊያ ክፍል፣ ሻንጣው እየተባለ ይነገርላችኋል። የ3 በመቶውን ክፍያ ብቻ ለማምለጥ 95 ዶላር የሚከፍል ሰው በዓመት 3,167 ዶላር ያህል ውጭ አገር በካርድ ካላወጣ አይመለስለትም። ያውም ከሌላ 3 በመቶ ከሚያስከፍል ካርድ ጋር ስናወዳድረው ነው። ሁለቱም ክፍያ ከሌለበት ካርድ ጋር ስናወዳድረው በዚህ ብቻ መቼም አይመለስም። በዓመት አምስት ስድስት ጊዜ የሚበር ነጋዴ የራሱን ሂሳብ ይሥራ። በሁለት ዓመት አንዴ ወላጆቹን ሊጠይቅ ለሚሄድ ቤተሰብ ግን፣ ያለ ምንም ማወላወል እላለሁ፣ ዓመታዊ ክፍያ የሌለበትና የውጭ ክፍያ የሌለበት ተራ ካርድ ይበቃዋል። ነጥብ ተሰብስቦ ትኬት እስኪሆን ድረስ ስንት ዓመት ዓመታዊውን እንደከፈላችሁ ደምሩ። ብዙ ጊዜ ትኬቱን ሁለቴ ገዝታችሁታል።

ገንዘቡ ትንሽ የሚመስለው ካለ ይህንን ያስብ። አራት ሰው ያለበት ቤተሰብ ይዞ የሚጓዝ ሰው በመንገድ፣ በሆቴልና በኪራይ መኪና 4,000 ዶላር በካርድ ቢያወጣ፣ 3 በመቶው 120 ዶላር ነው። በሰዓት 20 ዶላር ለሚከፈለው ሰው ስድስት ሰዓት ቆሞ የሠራበት ነው፤ ያውም ግብር ሳይቆረጥ።

ወደ ሁለተኛው በር ልሂድ፤ ለእኔ ከፍተኛው ጉዳት ያለው እዚህ ነው። ዱባይ ላይ ማሽኑ የጠየቀኝ ጥያቄ ቅንነት ያለው ይመስላል። «በገዛ ገንዘብህ ትከፍላለህ ወይስ በእኛ?» የሚል ነው። እንግዳ የሆነ ሰው የሚያውቀውን ገንዘብ ቢመርጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ዶላሩን ስትመርጡ ምንዛሪውን የሚያሰላው ቪዛ ወይም ማስተርካርድ መሆኑ ይቀርና ሻጩና ማሽኑን ያቀረበለት ድርጅት ያሰሉታል። የሚያሰሉትም በራሳቸው ተመን ነው፤ ትርፉንም ይካፈሉታል። የእኔ ላይ 5 በመቶ ነበር የጨመሩት፤ ከዚያ በላይ የሚጨመርበት ብዙ ቦታ አለ። የዱባዩን ምሳሌ የመረጥኩት የድርሃም ተመን የማይንቀሳቀስ ስለሆነ ነው። «ምንዛሪው እንዳይለዋወጥብዎ» የሚለው ማባበያ እዚያ ላይ ምንም መሠረት የለውም፤ የሚለዋወጥ ነገር የለምና።

የውጭ ክፍያ የሌለበት ካርድ መያዝ ከዚህ አያድናችሁም። ይህን ደግሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ ጥሩ ካርድ የያዘ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ነውና። እኔ ያን ቀን ነጻ ካርድ ይዤ ቢሆን ኖሮ 9 ዶላሩ ይቀርልኝ ነበር፤ 15 ዶላሩ ግን ያው ይሄዳል። መልሱ አንድ ነው፦ ሁልጊዜ የአገሩን ገንዘብ ምረጡ። ዱባይ ድርሃም፣ ኢስታንቡል ሊራ፣ ፍራንክፈርት ዩሮ፣ አዲስ አበባ ብር። በካርድ ድርጅቶቹ ደንብ መሠረት ምርጫው የእናንተ ነው፤ ሻጩ ሳይጠይቅ በዶላር ሊቆርጥባችሁ አይፈቀድለትም። ጠያቂው ፈጥኖ ራሱ ሲነካው ካያችሁ «ይቅርታ፣ በአገሩ ገንዘብ ይሁንልኝ» በሉ። ደረሰኙ ከመፈረሙ በፊት ሰርዞ እንደገና መሥራት ይችላል።

በኤቲኤም ላይ ደግሞ ጥያቄው ሰውን በሚያስፈራ መልክ ይመጣል። አንድ ወዳጄ ከአውሮፓ አየር ማረፊያዎች በአንዱ ላይ የደረሰበትን አጫውቶኛል። ገንዘብ ሊያወጣ ቁጥሩን አስገባ፤ ማሽኑ «ይህንን ምንዛሪ ይቀበላሉ?» አለና ሁለት ምርጫ ሰጠው፤ አንዱ «እቀበላለሁ»፣ ሌላው «አልቀበልም»። «አልቀበልም» ብል ገንዘቡ አይወጣም፣ ካርዱም ይዋጣል ብሎ ፈራ። ከኋላው ሰልፍ አለ። ተቀበለ። እውነታው ግን ሌላ ነው። «አልቀበልም» ስትሉ የምትከለክሉት የማሽኑን ምንዛሪ ብቻ ነው፤ ገንዘቡ ይወጣል፣ ምንዛሪውንም የካርዱ መረብ ያሰላል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ችግር አይቶ በ2019 ባወጣው ደንብ፣ ማሽኖቹ ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን በላይ ስንት በመቶ እንደሚጨምሩ እንዲያሳዩ ከ2020 ጀምሮ አስገድዷል። ስለዚህ እዚያ ከሆናችሁ ቁጥሩ ፊት ለፊታችሁ ይጻፋል። በሌላው ዓለም ግን ራሳችሁ ማወቅ አለባችሁ። ቪዛም ማስተርካርድም የዕለቱን ተመን በድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ፤ ከመጓዛችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት።

ኤቲኤም ካነሳሁ አይቀር አንድ ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ። በክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም ገንዘብ አታውጡ። በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት እንደ ግዢ አይቆጠርም፤ እንደ ብድር ነው። ብዙ ካርዶች 5 በመቶ ወይም 10 ዶላር፣ ከሁለቱ የበለጠውን ያስከፍላሉ። 200 ዶላር ብታወጡ 10 ዶላሩ ወዲያው ይሄዳል፤ የውጭ ክፍያ ካለበት 6 ዶላር ይጨመራል፤ የማሽኑ ባለቤት የራሱን ይጠይቃል። ወለዱ ደግሞ ከዚያችው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። ለግዢ የሚሰጠው የዕፎይታ ጊዜ እዚህ የለም። ጥሬ ገንዘብ የምታወጡት ከራሳችሁ የባንክ ሂሳብ በቀጥታ በሚቆርጠው በዴቢት ካርድ ነው። የባንካችሁ ዴቢት ካርድ ውጭ አገር ስንት እንደሚያስከፍል አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ የማሽን ክፍያም በመቶኛም ይደርባሉ። ቻርልስ ሽዋብ የሚባለው ድርጅት ያለው የቼኪንግ ሂሳብ ዴቢት ካርድ የውጭ ግብይት ክፍያ የለበትም፤ በየትኛውም አገር ያለ ኤቲኤም የቆረጠባችሁን ክፍያም ይመልስላችኋል። ለመንገደኛ ከማውቃቸው ሁሉ ይህን እመርጣለሁ።

አሁን አገር ቤት እንግባ። እውነቱን እንነጋገር፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የውጭ ካርድ የሚሠራባቸው ቦታዎች ትልልቅ ሆቴሎች፣ አየር መንገድ፣ አንዳንድ ሱፐርማርኬቶችና የባንክ ኤቲኤሞች ናቸው። የመርካቶ ነጋዴ፣ የበግ ተራው፣ የገጠሩ ዘመድ በካርድ አይከፈላቸውም። ስለዚህ ጥሩ ካርድ ይዛችሁ ብትሄዱም ዋናው ጥቅሙ የሚታየው በመንገድ ላይ በምታርፉበት አገር፣ በሆቴልና በትኬት ላይ ነው። ይህን የምለው ካርዱ ሁሉን ያደርጋል ብላችሁ ጥሬ ገንዘብ ሳትይዙ እንዳትሄዱ ነው። አሜሪካን ኤክስፕረስ የያዛችሁ ደግሞ በኢትዮጵያ አጋሩ ዳሸን ባንክ መሆኑን ልብ በሉ፤ በሁሉም ማሽን ይሠራል ብላችሁ አትመኑ።

ስለ ብር ምንዛሪም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ለብዙ ዓመታት አገር ቤት ካርድ መጠቀም ክልክል የሆነ ያህል ይፈራ ነበር፤ ፍርሃቱም ትክክል ነበር። ካርድ የሚቆርጠው በባንክ ተመን ነው። ባንክ ላይ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ መንገድ ላይ እጥፍ ያህል ይባል ነበር። ያኔ ሆቴሉን በካርድ የከፈለ ሰው የገንዘቡን ግማሽ ያህል እንደጣለ ይሰማው ነበር። እንዲያ ባለበት ጊዜ ስለ 3 በመቶ ማውራት ከንቱ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (በዚህ በኩል አቆጣጠሩን የራሳችንን ላድርገው) ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የባንኩ ተመን ከ100 ብር በላይ ወጣ። ልዩነቱ ሲጠብ የካርዱ ክፍያ ክብደት አገኘ። ዱሮ ግማሽ ሲጠፋ ያልታየው 3 በመቶ፣ ዛሬ ይታያል። ከዚያ በፊት «ካርድ አገር ቤት አታውጣ» ብለው የመከሯችሁ ሰዎች ልክ ነበሩ፤ ምክራቸው ግን የዚያ ዘመን ነው። ከመጓዛችሁ በፊት የባንኩን የዕለት ተመን እዩና በራሳችሁ ሂሳብ ወስኑ።

ዴቢት ለጥሬ ገንዘብ፣ ክሬዲት ለግዢ ያልኩበት ሌላም ምክንያት አለ። ክሬዲት ካርድ ቢሰረቅና ሌላ ሰው ቢገዛበት የአሜሪካ ሕግ ከ50 ዶላር በላይ እንድትከፍሉ አይፈቅድም። በዴቢት ግን መጥፋቱን ባወቃችሁ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ካላመለከታችሁ ኃላፊነታችሁ እስከ 500 ዶላር ይደርሳል፤ መግለጫ ከተላከላችሁ 60 ቀን ካለፈ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ገጠር ወርዳችሁ፣ ኔትወርክ ሳይኖር፣ ሁለት ቀን ምን ያህል ቶሎ እንደሚያልፍ ታውቃላችሁ። ሁለቱን ካርዶች በአንድ ቦርሳ አትያዙ። አንዱን ሻንጣ ውስጥ፣ ለብቻ አድርጉት። ከካርዱ ጀርባ ያለውን የባንኩን ስልክም በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ካርዱ ከጠፋ ቁጥሩም አብሮት ይጠፋልና።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹን እዚህ ልጨምር።

አንዲት እናት «ልጄ፣ ምንም የማያስከፍለው ካርድ ታዲያ ከምን ይበላል?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ባንኩ በእያንዳንዱ ግዢ ላይ ከሻጩ ድርሻ ይቆርጣል፤ ያ በሻጩ ዋጋ ውስጥ ያለ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ገቢው ግን ወለድ ነው። የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ወለድ በአማካይ ከ20 በመቶ በላይ ሆኗል። በዓመት 24 በመቶ ብንል በወር 2 በመቶ ነው። ከጉዞ ተመልሳችሁ ዕዳውን ሁለት ወር ብታሳድሩት፣ ካርድ መርጣችሁ ያዳናችሁት 3 በመቶ አለቀ፤ ከዚያም አለፈ። ስለዚህ እናታችን፣ ካርዱ ነጻ የሚሆንልዎ መግለጫው እንደመጣ ሙሉውን ከከፈሉ ነው። ሕጉ መግለጫው ከተላከ ቢያንስ 21 ቀን ይሰጥዎታል።

ከመጣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው አንድ ወጣት ደግሞ «እኔ የክሬዲት ታሪክ የለኝም፤ ማን ይሰጠኛል?» አለ። በማስያዣ የሚሰጥ ካርድ አለ። ባንኩ ጋ ገንዘብ ታስይዛለህ፤ ብዙውን ጊዜ 200 ዶላር አካባቢ ነው፤ ካርድ ይሰጥሃል። ይህ ዓይነቱ ካርድም የውጭ ክፍያ የሌለበት አለ፤ ቀደም ብዬ ስሙን የጠራሁት ካፒታል ዋን ይሰጣል። ዓመት በደንብ ከከፈልክ ማስያዣህን አስመልሰህ ተራውን ካርድ መያዝ ትችላለህ። ለጉዞህ ብለህ በዓመት የሚያስከፍለውን አትፈርም።

ሌላ ወንድም «ለንደን ያለው ታናሼ አብሮኝ ይሄዳል፤ ይህ ሁሉ እርሱንም ይመለከታል?» ብሎ ጠይቋል። የካርዱ ስም ይለያያል፤ በእንግሊዝም ብዙ ካርዶች ከፓውንድ ውጪ ለሆነ ግዢ ወደ 3 በመቶ ያስከፍላሉ፤ የማያስከፍሉም አሉ። የማሽኑ ጥያቄ ግን ያው ነው። ለእርሱ «በፓውንድ ይሁን?» ይለዋል፤ መልሱ «በአገሩ ገንዘብ» ነው።

አሁን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ካርዳችሁን አውጡ፤ በስልካችሁ የባንካችሁን መተግበሪያ ክፈቱ፤ የካርዱን ውል ፈልጋችሁ ሰንጠረዡን አግኙ። ዓመታዊ ክፍያ ከሚለው በታች ነው። መስመሩን ያገኘ ሰው ቁጥሩን ለጎረቤቱ ያሳይ። ያላገኘ፣ ወይም ጽሑፉ የደቀቀበት ካለ ወደዚህ ጠረጴዛ ይምጣ፤ አዳራሹ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የእኛ ነው፤ አብረን እናነበዋለን።